የገደል ማሚቶ በየትኛው በር ትግባ?

ባለፈው ወር፣ ከሥራ ገብቼ እግሬን ዘርግቼ ሳለሁ፣ የቤቴ ደወል ጮኸ። ስከፍት አንድ ወጣት፣ 30 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ዕቃ በሁለት እጁ ታቅፎ፣ ላብ አጥምቆት ቆሟል። ዕቃው የአባቱ የጊታር አምፕሊፋየር ነው። አባቱ ደግሞ ከእኔ ጋር ብዙ ዘመን በአንድ መድረክ ላይ የቆመ፣ ዛሬ በሕይወት የሌለ ወዳጄ ነበር። ልጁ ዕቃውን ምንጣፉ ላይ አሳርፎ፣ ትንፋሹን እንኳ ሳይሰበስብ፣ «ጋሼ፣ ይበሳ ወይስ አይበሳ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ጀርባው።»

ነገሩ ወዲህ ነው። አምፕሊፋየሩ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የተሠራ ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ነው፤ 85 ዋት፣ ባለ ሁለት ስፒከር፣ ጉልበቱን ከአራት ትልልቅ ቫልቮች የሚቀዳ። ልጁ እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት ጠጋኞች ወደ አንዱ ወስዶት ኖሯል። ጠጋኙም «ይህ ዕቃ ኢፌክት ሉፕ የለውም፤ በዚህ ዘመን ያለ ሉፕ የሚጫወት የለም፤ ከጀርባው ሁለት ቀዳዳ በስቼ ላስገባልህ» ብሎታል። ዋጋው ተነግሮታል፣ ገንዘቡም ተዘጋጅቷል። የቀረው የእኔ ቃል ነበር። ለምን የእኔን ቃል እንደፈለገ ግን ያን ዕለት አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ጊታር ነክቶ የማያውቅ አንባቢዬ እዚህ ላይ እንዳይሰናበተኝ፣ ከሥሩ ልጀምር። የጊታር አምፕሊፋየር ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። የመጀመሪያው ክፍል፣ ፕሪአምፕ የሚባለው፣ ከጊታሩ የመጣውን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ ያነቃዋል፤ ቤዙን፣ ትሬብሉን ይቀርጽለታል። ሁለተኛው፣ ፓወር አምፕ የሚባለው፣ ስፒከሩን የሚገፋ ጡንቻ ይሰጠዋል። ሉፕ ማለት በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው ግድግዳ ላይ የተከፈተ በር ነው። ድምፁ «ሴንድ» በሚባለው ቀዳዳ ይወጣል፣ ወለል ላይ ባስቀመጥነው ፔዳል ውስጥ ያልፋል፣ «ሪተርን» በሚባለው ቀዳዳ ተመልሶ ወደ ሁለተኛው ክፍል ይገባል። ይኸው ነው። በሩ ከሌለ ድምፁ አንዴ ከገባ እስከ ስፒከሩ ድረስ አይወጣም፤ ፔዳሎቻችን ሁሉ ከአጥሩ ውጭ፣ ከጊታሩና ከዋናው መግቢያ መካከል ይሰለፋሉ።

ይህ በር የተፈለገው በዋነኛነት ለአንድ ነገር ነው፤ ለኢኮ። ዛሬ ልጆቹ ዲሌይ ይሉታል። አያቶቻችን ከሁላችንም በላይ በሆነ ስም «የገደል ማሚቶ» ብለው ጠርተውታል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛልና፣ ፔዳላችን ቃሉን ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ሲመልስልን፣ ገደሉ 85 ሜትር ርቆ ቆሟል ማለት ነው። ድምፁ 85 ሄዶ 85 ይመለሳል። እረኛው ከአፋፍ ላይ ሆኖ ሲጣራ፣ ጉሮሮው ሻካራ ከሆነ ገደሉ ያንኑ ሻካራ ጥሪ ይመልስለታል፤ መጀመሪያ ጎላ አድርጎ፣ ቀጥሎ ለስለስ፣ ቀጥሎ ከነፋሱ የማይለይ። ሻካራነቱ ከእረኛው ነው፣ መራቁና መድከሙ ከገደሉ ነው። ጆሯችን ይህን ቅደም ተከተል ከሕፃንነቱ ያውቀዋል።

አሁን ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው። እረኛውና ገደሉ አብረው ተጣርተው፣ የሁለቱም ድምፅ በአንድ ሻካራ ጉሮሮ ውስጥ ተጨንቆ ቢወጣስ? ኢኮውን ከዲስቶርሽን በፊት ስናስቀምጥ የምናደርገው ይህንን ነው። ድምፅን የሚያሻክር ነገር ሁሉ የሚሠራው ጣሪያ ዝቅ በማድረግ ነው። ጣሪያው ዝቅ ባለበት ቤት ረጅሙ አጎንብሶ፣ አጭሩ ቀና ብሎ፣ ሁለቱም በአንድ ቁመት ይታያሉ። እየደከመ መሄድ የነበረበት የገደል ማሚቶ አይደክምም፤ ከመጀመሪያው ቃል እኩል ሆኖ ይደርቀዋል። ከዚህ የከፋም አለ። ሁለት ድምፆች አብረው ሲሻከሩ ከሁለቱም ያልነበሩ ሌሎች ድምፆች ይወለዳሉ። በሰከንድ 440 ጊዜና 523 ጊዜ የሚርገበገቡ ሁለት ድምፆች አብረው በሻካራው ጉሮሮ ቢያልፉ፣ ልዩነታቸው 83፣ ድምራቸው ደግሞ 963 ሳይጠሩ ይመጣሉ። 963ቱ ከፒያኖው ጥቁርና ነጭ መካከል የሚወድቅ ነው፤ በትዝታም፣ በባቲም፣ በአምባሰልም፣ በአንቺሆዬም ውስጥ ቦታ የለውም። ጊታሪስቱ አንድ ኖታ ለቆ ወደ ሌላው ሲሄድ የፊተኛው በኢኮው ውስጥ ገና ሕያው ነውና፣ አንድ በአንድ የተመታ ንጹሕ ዜማ በግድ እንደተጋጨ ኮርድ ይሆናል።

በገና ለሰማ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የበገና ድምፅ ንዝረት ያለው፣ ዝንብ እንደታሰረበት የሚያጉረመርም ነው። ያንን የሚሰጠው ከአውታሩና ከድልድዩ መካከል የሚገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራው ነው። ማጉረምረሙ እዚያው ከምንጩ ላይ ይፈጠራል፤ የግድግዳው ምላሽ በኋላ ይመጣል። ማንም በገና ደርዳሪ ቤቱን በድልድዩና በአውታሩ መካከል ለማስገባት አልሞከረም።

እንግዲህ «አምፕሊፋየር ሉፕ ያስፈልገዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ድምፅህ የሚሻክረው የት ላይ ነው?» የሚለው ነው። የጠጋኙ ስሕተት፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህንን ሳይጠይቅ ወደ መብሻው መሄዱ ነው።

ታሪኩን ያየን እንደሆነ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በ1960ዎቹ የነበሩት ታላላቆቹ አምፕሊፋየሮች ሲጮሁ የሚሻከሩት በአብዛኛው በሁለተኛው ክፍል፣ በፓወር አምፑ ዙሪያ ነበር። ለእነዚህ በመካከለኛው ግድግዳ ላይ በር ቢከፈትላቸው አይጠቅማቸውም፤ ኢኮው በበሩ ገብቶም ቢሆን ከፊቱ ሻካራው ጉሮሮ ይጠብቀዋል። ነገሩ የተለወጠው ማስተር ቮልዩም ሲመጣ ነው። ማርሻል በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣው 2203 የተባለው፣ በኋላ ጄሲኤም 800 በሚል ስም የታወቀው፣ መጀመሪያውን ክፍል እያሻከረ የመጨረሻውን ጩኸት በሌላ ቁልፍ ዝቅ ማድረግ አስቻለ። ሻካራው ጉሮሮ ከሁለተኛው ክፍል ወደ መጀመሪያው ተዛወረ ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው ዕቃ ሉፕ በእርግጥ ይገባዋል፤ የሚገርመው ግን የመጀመሪያው 2203 ሉፕ አልነበረውም። ፋብሪካው ዕቃውን በ2002 እ.ኤ.አ. ዳግም ሲያወጣው ሉፕ ጨመረለት። ለጠጋኙ ወገን ልመስክርለት ከተባለ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅለትም።

ከሌላው ወገን የሚቆሙት ምስክሮች ግን ይበዛሉ። የዩቱው ዘ ኤጅ ስሙ ከኢኮ ተለይቶ አይጠራም፤ መሣሪያው ሉፕ የሌለው ቮክስ ኤሲ 30 ነው፣ ኢኮው በዋናው መግቢያ ይገባል። የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቢንሰን በሚባለው፣ በሚሽከረከር ብረት ላይ ድምፅ በሚቀዳ የጣልያን ኢኮ ውስጥ አልፎ ወደ ሃይዋት አምፕሊፋየር ይገባ ነበር። የሁለቱም ምሥጢር አንድ ነው፤ አምፕሊፋየሮቻቸው በመጀመሪያው ክፍል ድምፁን ብዙ አያሻክሩም፤ ሻካራ ሲፈልጉ ከኢኮው በፊት በተቀመጠ ፔዳል ያገኙታል።

የሚያስቀኝ ደግሞ ይህ ነው። ሊበሳ የተፈለገው ትዊን ሪቨርብ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ አንድ የተዘጋ ሉፕ በሆዱ ይዟል። ፌንደር በ1963 እ.ኤ.አ. ቫይብሮቨርብ ከተባለው ጀምሮ በአምፕሊፋየሮቹ ውስጥ የስፕሪንግ ሪቨርብ አስገብቷል። ያ ሪቨርብ የተቀመጠው ድምፁ ተቀርጾ ካበቃ በኋላ፣ ከፓወር አምፑ በፊት ነው። የዛሬ ልጆች በሁለት ቀዳዳ የሚፈልጉትን ቅደም ተከተል የፋብሪካው ሰዎች ያኔውኑ አስበውበት፣ ማንም እንዳይነካው አድርገው ዘግተውታል።

ወደ ልጁ ልመለስ። «እስቲ አሰማኝ» አልኩት። የፔዳል ሰሌዳውን ከመኪናው አመጣ። በጣም ዝቅ አድርጎ ትዝታ ጀመረ፤ ጣቶቹ የአባቱ ጣቶች ናቸው፣ ይህን ስል ማጋነኔ አይደለም። ከዚያ ዲስቶርሽኑን ረገጠ፣ ኢኮውን ረገጠ፣ ትዝታው ጠፋ። የወፍጮ ቤት ድምፅ ሆነ። «አየህ ጋሼ? ሉፕ ስለሌለው ነው» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ ሰሌዳውን ተመለከትሁ። ከጊታሩ የሚወጣው ገመድ መጀመሪያ ወደ ኢኮው ይገባል፤ ከኢኮው ወደ ዲስቶርሽኑ፤ ከዚያ ወደ አምፕሊፋየሩ። እንዴት እንዲህ እንደተሰለፈ ስጠይቀው፣ ሰሌዳው ላይ የሚመቸው እንደዚያ ስለሆነ ነው አለ። ሁለቱን ፔዳሎች ቦታ አለዋወጥኋቸው፤ የስንዝር ገመድ ነቅሎ መሰካት ብቻ ነው። እንደገና ረገጠ። ኢኮው ከኋላ እየራቀ፣ እየደከመ ሄደ። ዝም ብሎ ቆመ። የእሱ ሻካራ ጉሮሮ ወለል ላይ ያለ ፔዳል እንጂ አምፕሊፋየሩ አልነበረም፤ ትዊኑማ የታወቀው ቢጮኽም ንጹሕ ሆኖ በመቆየቱ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ሉፕ ማለት ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ጎረቤት ለመጠየቅ በጓሮ ዞሮ መሄድ ነው።

«እሺ፣ ግን ሉፕ ቢኖረውስ ምን ይጎዳል? ያልፈለግሁ ዕለት አልጠቀምበትም» አለኝ። ይህ የብዙ ሰው ክርክር ነው፣ መልሱንም የተማርሁት በመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት እኔም አሮጌውን ዕቃዬን ሸጬ፣ ሉፕ ያለው አዲስ አምፕሊፋየር በኩራት ገዝቼ ነበር። አሠሪውን ድርጅት ስሙን ልተወው። በሉፑ አንድ ቀንም አልተጠቀምሁበትም። አንድ ቅዳሜ ሠርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ሊገቡ በሩ ላይ ቆመው፣ እልልታው ቀልጦ፣ መግቢያውን ዜማ በሊድ ጊታር ልጀምር ስመታ፣ ድምፄ ከእልልታው በታች ሰመጠ። ገመዱን ነቀነቅሁ፣ ቫልቩ ተቃጠለ ብዬ ደነገጥሁ። ኪቦርዲስቱ ዜማውን ከእኔ ላይ ነጥቆ ሙሽሮቹን አስገባ። በኋላ ሳውንድ የሚሠራው ሰው መጥቶ አንዲት አጭር ገመድ አንሥቶ፣ ከሴንዱ ወደ ሪተርኑ ሰካት። ድምፁ ወዲያው መጣ።

ምሥጢሩ ይኸውላችሁ። በብዙ አምፕሊፋየሮች ላይ ሉፑን ባንጠቀምበትም ድምፁ በዚያው በር ያልፋል። በሪተርኑ ጃክ ውስጥ፣ ምንም ካልተሰካበት፣ ድምፁን ቀጥ አድርጎ የሚያሳልፍ አንዲት ቀጭን የብረት ምላስ አለች። ምላሷ ዓመታት ሳትነካ ትዝጋለች፣ አቧራ ይይዛታል። ያን ጊዜ ድምፁ ይደክማል፣ ይቆራረጣል፣ ሰውየውም ቫልቭ ይገዛል፣ ስፒከር ይቀይራል። ያልተከፈተ በርም ማጠፊያው ይዝጋል። ሉፕ ያለው አምፕሊፋየር የያዛችሁ ወዳጆቼ፣ አንዲት አጭር ገመድ ከቦርሳችሁ አትለዩ።

ሌላው ጣጣ የልክ ነገር ነው። ባለ ዘጠኝ ቮልት ትንንሽ ፔዳሎች የተሠሩት ከጊታር ለሚወጣው ደካማ ድምፅ ነው፤ ከዜሮ ነጥብ ጥቂት እስከ አንድ ቮልት ገደማ ለሚደርሰው። በቫልቭ ፕሪአምፕ ውስጥ ግን በአስሮች የሚቆጠር ቮልት ሊዞር ይችላል። ጥሩ ሉፕ ያንን መጥኖ ያወርዳል፣ ሲመለስ መልሶ ያነሣል። መጥፎ ሉፕ እንዳለ ይለቀዋል፤ ከሻካራ ድምፅ አመልጣለሁ ብሎ በጓሮ የዞረው ፔዳል እዚያው ታንቆ ራሱ ይሻከራል። ርካሽ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ «ሁለት ቀዳዳ» ብቻ ያለው ጠጋኝ፣ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ከሆነ በእርግጥ፣ ሥራውን ግማሽ አድርጎታል። ደግሞም እቤታችሁ እንዳትሞክሩት። በትዊን ሆድ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ይዞራል፣ ከሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ በካፓሲተሮቹ ውስጥ ተቀምጦ ሰው ሊገድል ይችላል።

የሚገባውን ደግሞ አልክድም። ሻካራ ድምፁን ከአምፕሊፋየሩ ከራሱ ፕሪአምፕ የሚቀዳ፣ በዚያ ላይ ኢኮ የሚወድ ወጣት አዲስ ዕቃ ሊገዛ ከሆነ፣ ሉፕ የሌለውን አይግዛ። ያለ ሉፕ ደስተኛ አይሆንም፤ የእኔም የሽማግሌ ክርክር አያጽናናውም። ሲገዛም ድምፁ ሙሉ በሙሉ በፔዳሉ በኩል የሚያልፍበትን ዓይነት ይምረጥ። ግማሹን በውስጥ አሳልፎ ግማሹን በውጭ የሚልከው ዓይነት፣ ከዲጂታል ፔዳል ጋር ሲገናኝ፣ ሁለቱ ድምፆች በጥቂት ሚሊሰከንድ ተዛንፈው ሲደርሱ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ያስጮኸዋል። ድምፁን በኮምፒውተር ለሚሠራው ትውልድ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ትርጉም ላይኖረው ይችላል፤ እሱ ኢኮውን በስክሪን ላይ በጣቱ ጎትቶ የፈለገበት ያስቀምጠዋል።

እኛ በየሠርጉና በየአዳራሹ የምንጫወት ሰዎች ግን የምንረሳው አንድ ነገር አለ። በአምፕሊፋየሩ ፊት ማይክሮፎን ተተክሎ ድምፁ ወደ ሚክሰር ከሄደ፣ ትልቁ ሉፕ እዚያ ነው። በሚክሰሩ ላይ የሚጨመረው ኢኮ ከፕሪአምፑም፣ ከፓወር አምፑም፣ ከስፒከሩም በኋላ ይመጣል፤ ትክክለኛው የእረኛውና የገደሉ ቅደም ተከተል። የስቱዲዮ ባለሙያዎች ሲሠሩበት የኖሩት ነው። ችግሩ ይህ ሲሆን ኢኮው በጊታሪስቱ እግር ሥር ሳይሆን በሳውንድ ሰውየው ጣት ላይ መሆኑ ነው፤ ጊታሪስትና ሳውንድ ሰው ደግሞ ስንት ጊዜ ይስማማሉ? የልጁ አባት በዚህ ጉዳይ ከስንቱ ጋር ተጣልቷል።

ልጁ ቡናውን ጠጥቶ ሲነሣ አምፕሊፋየሩን አዙሬ ጀርባውን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ጠጋኙ የሚበሳበትን ቦታ በእርሳስ ሁለት ክብ አድርጎ ምልክት ሰጥቶበታል። ከክቦቹ በታች፣ ከፊሉም በአንደኛው ክብ ውስጥ፣ በነጭ ቀለም የተጻፈ ነገር አለ፤ «110 ብቻ!!»። የአባቱ እጅ ነው። አንድ ጊዜ አብረን ለሥራ አዲስ አበባ ስንሄድ፣ ዕቃውን በ220 ቮልት ላይ ሊሰኩበት የነበሩትን ሰዎች ጮኾ ካስቆመ በኋላ፣ በዚያው ሌሊት በሚስቱ የጥፍር ቀለም የጻፈው ነው። ሁለት የቃል አጋኖ ያደረገው፣ አንዱ አይበቃም ብሎ ነበር።

ልጁ ጽሑፉን ቀድሞ አይቶታል። ለመብሳት ገንዘብ አዘጋጅቶ ሳለ 30 ኪሎ ተሸክሞ እኔ ዘንድ የመጣው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም ያልኩት ሁሉ ስለ ገደል ማሚቶ እንጂ ስለ ጥፍር ቀለም አልነበረም፤ ጽሑፉ ባይኖርም ክርክሬ ያው ነው። ግን አልዋሽም፣ ጽሑፉን ካየሁ በኋላ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር የተናገርሁት።

እርሳሱን በላጲስ አጠፋነው። አንደኛው ክብ ግን ከነጩ ቀለም ላይ እንቢ ብሎ ቀርቷል፤ አብዝተን ብንፈትገው ጽሑፉን ይዞ ይሄዳል ብለን ተውነው። ሐሙስ ማታ ደግሞ ደውሎልኝ ነበር። ጓደኛው ፕሪአምፑ የሚያሻክር አምፕሊፋየር ሊሸጥለት ነው፣ ሉፕ አለው፣ «ይህኛውስ ጋሼ?» ይላል። ይግዛው አልኩት፤ ከመክፈሉ በፊት ግን አጭር ገመድ ይዞ ሄዶ ሪተርኑን ይሞክር።